የገበሬው ትከሻ ክሪክ አይደለም፤ ለገጠር መኪና ስለሚገባ ማንሻ

መንገድ እርሻን ከገበያ፥ ሹምን ከሕዝብ፥ በሽተኛን ከሐኪም የሚያገናኝ መሆኑ ከማንም የተሰወረ አይደለም። ይሁን እንጂ ጥርጊያው በክረምት ጭቃ በሚሆንበት አገር ለመኪና የሞተሩ ጉልበት ብቻ አይበቃውም፤ በተቀረቀረ ጊዜ የሚያነሣው ዕቃ ያስፈልገዋል። መኪና ለአንድ ወረዳ ሲመደብ ስለ ሞተሩ ይጠየቃል፤ የጎማው አዲስነት ይመረመራል፤ የነዳጁም ሒሳብ በየቀኑ ይያዛል። ስለ ክሪኩ ግን የሚጠይቅ እጅግ ጥቂት ነው። ብዙውን ጊዜ ከመቀመጫው በታች ተጠቅልሎ የተቀመጠውን ዕቃ ሾፌሩ ራሱ እንኳ የሚያየው ጎማ በተነፈሰበት ቀን ነው፤ ያ ቀን ደግሞ ዕቃ የሚመረጥበት ቀን አይደለም።

ከባድ ነገርን በአስቸጋሪ ምድር ላይ ማንሣትና መጎተት ለኢትዮጵያ ሕዝብ አዲስ ሥራ አይደለም። ከአዲስ አበባ አራዳ፥ ከፒያሳ ተነሥቶ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል የሚወርድ ሰው በቴዎድሮስ አደባባይ የሴባስቶፖልን ምሳሌ ቆሞ ያያል። ዋናው መድፍ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የተሠራ ሲሆን ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጓዙት ገደሉን በሚቈርጥ፥ ድንጋዩን በሚፈነቅልና ገመዱን በሚስብ ብዙ ሕዝብ ጉልበት ወራት ፈጅቶ ደረሰ። ንጉሡም ራሳቸው ከሠራተኛው ጋራ በመንገዱ ሥራ ይደክሙ እንደ ነበረ ተጽፎአል። በዚያው ዓመት ከባሕር ወገን የመጣው የጀኔራል ናፒየር ጦር ከባድ መድፎቹን ከህንድ ባስመጣቸው ዝሆኖች ሲያጓጉዝ፥ በዚህ በኩል ግን ሸክሙ ሁሉ የወደቀው በሰው ትከሻ ላይ ነበረ።

በዐፄ ምኒልክ ዘመንም እንዲሁ ሆነ። በሰርኪስ ቴርዚያን አማካይነት የመጣውና በስሙ የሰርኪስ ባቡር ተብሎ የተጠራው የእንፋሎት መኪና ወደ አዲስ አበባ የደረሰው በብዙ ሰው ጉልበት እየተረዳ ነው። ቤድ ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ሲድሌይ የምትባለውን አውቶሞቢል በ1900 ዓ.ም ወደ ዋና ከተማው ሲያመጣ ያለፈበት መንገድ ለበቅሎና ለግመል እንጂ ለመንኮራኩር የተጠረገ አልነበረም። እንግዲህ በዚህ አገር የመጀመሪያው ክሪክ የባላገሩ ትከሻ ነበረ ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። በዚያ ዘመን ሌላ መሣሪያ አልነበረምና ማንም አይወቀስበትም። መሣሪያው በየሱቁ በሚሸጥበት በዛሬው ዘመን ግን ያው ልማድ ሲቀጥል ማየት ሊያሳስብ ይገባል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሐምሌ ወይም በነሐሴ የግብርና መኪና ምርጥ ዘር ወይም የከብት ክትባት ጭኖ ሲሄድ በዋልካ ምድር ላይ ይሰምጣል። ሾፌሩ ያለውን ክሪክ አውጥቶ ይሞክራል። ክሪኩም መኪናውን በማንሣት ፈንታ ራሱ ወደ ጭቃው ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው መፍትሔ አንድ ነው፤ በአቅራቢያው ያለውን ገበሬ ከእርሻው ጠርቶ «ኑ ግፉ» ማለት። ገበሬውም ሰው አክባሪ ነውና ሞፈሩን አቁሞ፥ አረሙን ትቶ ይመጣል። ግማሽ ቀን ይገፋል፤ መኪናው ሲወጣ ጭቃው በላዩ ይረጫል፤ ምስጋና ተቀብሎ ይመለሳል። እንዲህ ያለው ነገር በአንድ ክረምት ብዙ ጊዜ ሲደጋገም የጠፋው የሥራ ቀን በማንም መዝገብ ላይ አይገኝም፤ በመከር ጊዜ በጎተራው ውስጥ ግን ይታያል።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ተብሎአልና ሰው ተባብሮ ቢገፋ ምን ነውር አለው የሚል ይኖር ይሆናል። መተባበር መልካም ነው። ነገር ግን ደቦና ወንፈል ብድር አላቸው፤ ዛሬ ለጎረቤቱ ያረሰ ሰው ነገ ይታረስለታል። የተቀረቀረ መኪና የገፋ ገበሬ ግን ብድሩን ከማን ይቀበላል? ከዚህም በቀር መኪና መግፋት አደጋ አለው። የሚንሸራተት መኪና ከኋላው የቆመውን ሰው ይጥላል፤ በባዶ የሚሽከረከር ጎማ ከሥሩ የገባውን ድንጋይ ወይም ግንድ አስፈንጥሮ ይወረውራል። ስለዚህ ተስማሚ የሆነ ማንሻ መግዛት ለሾፌሩ ምቾት ሲባል የሚደረግ ወጪ ሳይሆን የሕዝብን ጉልበትና ሕይወት መጠበቂያ ነው።

የስሕተቱም ምንጭ በገበያው ቦታ ይገኛል። ከክፍለ ሀገር ለስብሰባ ወይም ለግዢ የመጣ ሹም በፒያሳ ያርፋል፤ በአራዳ ጉዳዩን ይጨርሳል፤ ከዚያም ቁልቁል ወርዶ የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ወደ ሶማሌ ተራ ይዘልቃል። በዚያም ክሪኩን በሱቁ ደጃፍ፥ በአስፋልት ወይም በሲሚንቶ ላይ አስቀምጠው ያሳዩታል። ፒያሳ ደግሞ ከ2016 ዓ.ም ወዲህ መንገዱ ሰፍቶ ከቀድሞው ይልቅ ተስተካክሎአል። በእንዲህ ያለ ምድር ላይ የማይቆም ክሪክ የለም። ገዢው የሚያየው በላዩ የተጻፈውን የቶን ቍጥርና ዋጋውን ብቻ ነው። ነገር ግን በፒያሳ አስፋልት ላይ የተመረጠ ክሪክ የሚፈተነው በሞረትና ጅሩ፥ በበቾ ወይም በቢቸና ዋልካ ላይ ነው። በኢትዮጵያ እንዲህ ያለው ጥቍር አፈር ወደ 12 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ምድር የሚሸፍን መሆኑ ሲታሰብ፥ ክሪክ ሲመረጥ አስቀድሞ መታሰብ ያለበት ምድሩ መሆኑ ግልጥ ይሆናል።

የሞረትና ጅሩ ገበሬ ይህን ከማንም ይልቅ ያውቃል። ዋልካ በበጋ ደርቆ ሲሰነጣጠቅ እንደ ድንጋይ፥ በክረምት ውኃ ሲጠግብ እንደ ሊጥ መሆኑን ስላወቀ፥ ዘሩ እንዳይሰምጥበት አፈሩን በመደብ ከፍ እያደረገ ውኃውን በቦዩ ያስወግዳል። ለዘሩ ያሰበለትን ገበሬ አብነት አድርጎ ለመኪናው የሚያስብ ሹም ከሦስት ነገር መጀመር ይገባዋል፤ እነዚህም ክብደት፥ ከፍታና የክሪኩ መቆሚያ ናቸው።

መጀመሪያ ስለ ክብደት ነው። ለገጠር ሥራ የሚላከው ባለ አራት ጎማ መንጃ መኪና ባዶውን ከ2 ቶን በላይ ይመዝናል፤ ሰውና ዕቃ ሲጫንበት ወደ 3 ቶን ይደርሳል። አንዱን ጎማ ብቻ ለማንሣት ይህ ሁሉ ክብደት በክሪኩ ላይ አይወርድም፤ ሆኖም መኪናው ባዘነበለ ጊዜና ጭቃው ጎማውን ወደ ታች በያዘው ጊዜ ሸክሙ ከታሰበው በላይ ይሆናል። ስለዚህ የክሪኩ ችሎታ ከተጫነው መኪና ሙሉ ክብደት እንዳያንስ ማድረግ ደግ ነው። ለ3 ቶን መኪና ከ3 እስከ 5 ቶን የሚያነሣ ክሪክ ይበቃል። ከዚያ በላይ የሆነው ይከብዳል፤ ቁመቱም ስለሚረዝም ከሰመጠ መኪና ሥር አይገባም።

ሁለተኛው ከፍታ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም በዚህ ነው። የክሪክ ቁመት በሁለት ቍጥር ይታወቃል፤ አንደኛው ታጥፎ ሲቀመጥ ያለው ቁመት፥ ሁለተኛው ተዘርግቶ ሲያበቃ የሚደርስበት ነው። መኪናው በደኅና ቆሞ ሳለ የሚለካ ሰው ይታለላል። ለምሳሌ አክስሉ ከምድር 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ መኪና ጎማው ተንፍሶ 8 ሳንቲ ሜትር፥ በጭቃው ሰምጦ ደግሞ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ቢል፥ ከሥሩ የሚቀረው ክፍተት 7 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ታጥፎ 20 ሳንቲ ሜትር የሚቆም ክሪክ በዚያ ሊገባ አይችልም። እንግዲህ አካፋ የክሪክ ጓደኛ ነው፤ ያለ አካፋ የሚወጣ መኪና ክሪክ እንደሌለው ይቈጠራል። በሻንሲው በኩል የሚያነሣ ሰውም ሌላ ችግር ያገኘዋል። ሻንሲው ከፍ ሲል ባሌስትራው እየተዘረጋ ጎማው እዚያው ምድር ላይ ይቀራልና፥ ጎማው ከመነሣቱ በፊት ክሪኩ ቁመቱን ይጨርሳል። ስለዚህ በተቻለ መጠን ከአክስሉ ሥር ማንሣት ይሻላል፤ በሻንሲው ማንሣት ግድ ሲሆን አክስሉን በጠንካራ ሰንሰለት ወይም ጠፍር ከሻንሲው ጋራ ማሰር ድካሙን ያቀልላል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው መቆሚያው ነው። ይህን ለመረዳት ጥቂት ሒሳብ ይበቃል። የአንድ ክሪክ መቀመጫ ወርዱም ርዝመቱም 10 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ስፋቱ 100 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። በላዩ 1000 ኪሎ ሲያርፍ እያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር አፈር 10 ኪሎ ይሸከማል። ውኃ የጠገበ ዋልካ ይህን ሊሸከም አይችልምና ክሪኩ ይሰምጣል። ከሥሩ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሳንቃ ቢነጠፍለት ግን ስፋቱ 900 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ የእያንዳንዱም ሸክም ከ1 ኪሎ ጥቂት ብቻ ይበልጣል። ዋጋው እምብዛም ያልሆነ አንድ ሳንቃ የክሪኩን ጥቅም በብዙ እጥፍ ከፍ ያደርገዋል ማለት ነው። ሳንቃው የደረቀና ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ይሁን፤ ገና እርጥብ የሆነ ባሕር ዛፍ ይሰነጠቃልና አይታመንም። በላዩ ቀጭን ብረት ቢመታበት የክሪኩ እግር እንጨቱን አይቦረቡረውም።

ከዚህ በኋላ የክሪኩን ዓይነት መምረጥ ቀላል ነው። ጠርሙስ የሚመስለው ባለ ዘይት ክሪክ የሚሠራው ፓስካል የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ ባስተዋለው ሕግ ነው፤ በተዘጋ ፈሳሽ ላይ የተደረገ ግፊት በሁሉም ወገን እኩል ይተላለፋል። ጆሴፍ ብራማ የተባለው እንግሊዛዊ ባለ ሙያ በ1795 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በዚሁ ሕግ የሚሠራ መጭመቂያ መኪና አውጥቶ መብት ተቀበለበት። በትንሹ ዘንግ ላይ የወረደው 50 ኪሎ፥ ስፋቱ ሃያ እጥፍ በሆነው በትልቁ ዘንግ ላይ 1000 ኪሎ ያነሣል። ይህ ክሪክ ትንሽ፥ ብርቱና ዋጋው መካከለኛ በመሆኑ ለአብዛኛው ወረዳ ይስማማል። ጉድለቱ ከፍታው አጭር መሆኑና የዘይቱ ማኅተም ሲያረጅ መፍሰሱ ነው። ዘይት ሲጐድልበት የክሪክ ዘይት እንጂ የፍሬን ዘይት አይጨመርበትም፤ የፍሬን ዘይት ማኅተሙን ያበላሻልና።

በጠመዝማዛ ብረት የሚነሣው ክሪክ ዘይት የለውምና አይፈስም፤ ለብዙ ዘመን ተቀምጦም ይሠራል። ነገር ግን ሥራው አዝጋሚ ነው፤ ከትንንሽ መኪናዎች ጋራ የሚመጣው ቀጭኑ ዓይነት ደግሞ ለተጫነ የገጠር መኪና አቅም የለውም። በጋራዥ ወለል ላይ በትንንሽ መንኮራኩር የሚሄደው ክሪክ ለሲሚንቶ የተሠራ ስለሆነ ወደ ገጠር መላኩ ገንዘብ ማባከን ነው።

ሀይሊፍት የሚባለው ረጅሙ የእርሻ ክሪክ ከ1905 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ጀምሮ በአሜሪካ የሚሠራ ነው። ብዙ ቀዳዳ ባለው ረጅም ብረት ላይ ደረጃ በደረጃ እየወጣ ያነሣል፤ የተለመደው ዓይነት ቁመቱ 48 ኢንች፥ ማለት 122 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። የሰመጠን መኪና ከፍ አድርጎ ከጎማው ሥር ድንጋይ ለመሙላት የሚተካከለው የለም፤ ሰንሰለት ሲታሰርበትም ለመጎተት ያገለግላል። ሆኖም ይህ ዕቃ ሰነፍን አይምርም። ሸክም ተሸክሞ ሳለ እጀታው ካመለጠ በታላቅ ኃይል ተመልሶ ይመታል፤ ብዙ ሰውም በዚህ መንጋጋውንና እጁን ተጎድቶአል። የሚያነሣው ሰው ፊቱን ከእጀታው መንገድ ማራቅ፥ እጀታውንም በሁለት እጁ አጥብቆ መያዝ አለበት። ከዚህም በላይ በዛሬ ዘመን ብዙ መኪናዎች የፊትና የኋላ መከላከያቸው ፕላስቲክ ወይም ስስ ቆርቆሮ ነውና፥ ጠንካራ የማንሻ ቦታ የሌለው መኪና በዚህ ክሪክ ቢነሣ ይጎዳል። ስለዚህ ሀይሊፍት የሚገዛው የተገራ ሾፌርና የተዘጋጀ መኪና ላለው ብቻ ነው።

በመኪናው ጭስ የሚነፋው ባለ አየር ከረጢት ክሪክ በጭቃና በአሸዋ ላይ እጅግ ይመቻል፤ መቀመጫው ሰፊ በመሆኑ አይሰምጥም። ነገር ግን ሾህና ስለታም ድንጋይ ይቀደዋል፤ ትኩስ የሆነ የጭስ ማውጫም ያቃጥለዋል። እሾህ በበዛበት ቆላ ይህን ብቻ ተማምኖ መሄድ አይገባም።

በመኪናው አፍንጫ ላይ ዊንች ካለ ክሪክ አያስፈልግም የሚሉም አሉ። ዊንች መልካም ዕቃ ነው፤ ነገር ግን ገመዱ የሚታሰርበት ዛፍ ወይም ዐለት ይፈልጋል። ዛፍ በሌለበት በዋልካ ሜዳ ላይ ከምን ጋራ ይታሰራል? ጎማ የተነፈሰ እንደ ሆነም ዊንች ጎማ አይቀይርም። የሽቦ ገመድ ሲበጠስ ደግሞ እንደ ጅራፍ ይመለሳልና ሰው ሁሉ እንዲርቅ፥ በገመዱም ላይ ከባድ ጨርቅ እንዲጣል ያስፈልጋል። ስለዚህ ዊንች ለክሪክ አጋዥ ነው እንጂ ተተኪው አይደለም።

ከዕቃው ምርጫ የሚበልጥ አንድ ሕግ አለ፤ ክሪክ ማንሻ ነው፥ መቆሚያ አይደለም። በክሪክ ብቻ ከተያዘ መኪና ሥር ማንም ሰው፥ ሾፌርም ረዳትም መካኒክም፥ አካሉን ሊያስገባ አይገባም። ዘይቱ ሊፈስ፥ አፈሩ ሊከዳ፥ መኪናውም ሊንሸራተት ይችላል። ከመነሣቱ በፊት የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፤ ከሚነሣው ጎማ ማዶ ባለው ጎማ ፊትና ኋላ ድንጋይ ይደረግ፤ ተሳፋሪው ይውረድ፤ የጎማውም ብሎኖች መኪናው ገና በምድር ሳለ ይላሉ። መኪናው ከተነሣ በኋላ ከሻንሲው ሥር የብረት ማቆሚያ ይግባ፤ ማቆሚያ ከሌለ ትርፉ ጎማ በጎኑ ይተኛበት። ክሪኩ ቢከዳ መኪናው በጎማው ላይ ያርፋል፤ የሰው ነፍስም ይተርፋል።

ገዢው በሱቅ ሲቆም ክሪኩን በቃል ምስክርነት አይቀበል። በላዩ 5 ቶን ተብሎ መጻፉ 5 ቶን ለማንሣቱ ማስረጃ አይሆንም። የመጣበትን መኪና በዚያው ያስነሣና ሩብ ሰዓት ያቆየው፤ ከፍታውንም መጀመሪያና መጨረሻ ላይ በሜትር ይለካ። ዝቅ ካለ ወይም ዘይት ካንጠባጠበ ይመልሰው። እጀታው ሙሉ መሆኑን፥ መለዋወጫ ማኅተሙም በገበያ መገኘቱን ይጠይቅ። ርካሽ ተገዝቶ በመጀመሪያው ክረምት የሚሰበር ክሪክ ከሁሉ የተወደደ ዕቃ ነው።

የዞንና የወረዳ ሹማምንት፥ ባለ እርሻዎችም በዚህ ነገር ያላቸው ኃላፊነት ከባድ አይደለም፤ ነገር ግን ሊተላለፍ አይገባውም። መኪና ሲረከቡ በርክክቡ ወረቀት ላይ ክሪኩ፥ እጀታው፥ ሳንቃው፥ ማቆሚያው፥ አካፋውና የብሎን መፍቻው በየስማቸው ይጻፉ። በየዓመቱ ሰኔ ሳይገባ አንድ ቀን ተወስኖ ሾፌሩ መኪናውን ከአስፋልት አውጥቶ በለስላሳ አፈር ላይ ጎማ እንዲቀይር ይደረግ፤ የጎደለው ያን ቀን ይታወቃል። ከሾፌር ወደ ሾፌር ሲተላለፍም ዕቃው ተቈጥሮ ይተላለፍ። ይህ ሁሉ ከአንድ የጎማ ዋጋ የሚበልጥ ወጪ አይጠይቅም፤ ትጋትን ግን ይጠይቃል።

ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ አለ። የሚያየው ሁሉ ንጉሡን ያስባል፤ ገመዱን የሳበውን ባላገር ስም ግን የሚያውቅ የለም። ያ ባላገር ለመንግሥቱ ጉልበቱን የሰጠው ሌላ መንገድ ባልነበረበት ጊዜ ነው። የእርሱ የልጅ ልጆች ዛሬ ጤፋቸውን በሚያርሙበት ሰዓት አንድ ሳንቃና አንድ ደኅና ክሪክ በመጥፋቱ ብቻ ከእርሻቸው የሚጠሩበት ምክንያት የለም። ወረዳውን የሚያስተዳድር ሰው ክረምቱ ሳይገባ የመኪናውን ወንበር አንሥቶ ከሥሩ ያለውን ይመልከት፤ የሚያገኘው ዕቃ ለአስፋልት የተሠራ እንደ ሆነ ሳይውል ሳያድር ይለውጠው።